ከዓባይ ወዲያ ባሕር ነው

መቱ ከተማ ውስጥ ታናሽ እህቴ አንዲት ክፍል ተከራይታ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ትሠራለች። ማመልከቻ በሉት፣ የቤት ኪራይ ውል በሉት፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ... ሁሉም የሚያልፈው ጠረጴዛዋ ሥር በተቀመጠ አንድ ጥቁር ሳጥን በኩል ነው። ባሏ ካረፈ ወዲህ የቤቷ እንጀራ ከዚያች ሳጥን ነው የሚወጣው። ባለፈው ክረምት ታዲያ በዚሁ ሳጥን የተነሣ ከልጇ ጋር ተጣላችና ስልክ ደወለችልኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ መጥተህ ልጅህን ምከርልኝ!»

ልጁ ሲጎብዝ የሷ ነው፤ ሲያስቸግር የኔ ይሆናል። እንዲህ ያለው የባለቤትነት ዝውውር በኛ ቤት ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ።

የልጁ ጥፋት አውሮፕላን ማብረር ነው። ሱቁ ሲዘጋ፣ መብራት ካለ፣ እናቱ ወንበር ላይ ቁጭ ይልና ከቦሌ ተነሥቶ ጅማ ያርፋል፤ ከጅማ ተነሥቶ ጋምቤላ ይወርዳል። እሷ «ጌም» ትለዋለች። እሱ «ጌም አይደለም፣ ሲሙሌሽን ነው» ይላል። በዚህች አንዲት ቃል ሁለት ሳምንት ተኳርፈዋል።

እናትየው በባዶ ሜዳ አልተቆጣችም። ልጁ 12ኛ ክፍል ሊገባ ነው። ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑ ጊዜ፣ የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት ሲነገር፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቁጥር የሰማ ወላጅ ልጁ በእኩለ ሌሊት ሞተር ሲያስነሣ ቢያገኘው ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም። እኔ ግን ለሽምግልና የሄድኩት ከተከሳሹ ወገን ሆኜ ነው። እህቴ ይህን ስታነብ ይቅር ትበለኝ።

በጅማና በበደሌ አድርጎ መቱ ለመድረስ 600 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ለማሰብ በቂ መንገድ ነው። የያዩን የቡና ጫካ ሳቋርጥ ሳስበው የነበረው ስለ ኤድዊን ሊንክ ነበር። ሊንክ አሜሪካዊ ነው፤ አባቱ ኦርጋን የሚሠራ ፋብሪካ ነበረው። ወጣቱ አውሮፕላን መንዳት መማር ቢያምረውም የትምህርቱ ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። እናም የኦርጋኑን ወናፍ ተጠቅሞ በ1929 እ.ኤ.አ. ባለበት የሚዘነብል፣ የሚያዘቀዝቅ፣ የሚዞር፣ ክንፈ አጭር ሳጥን ሠራ። መጀመሪያ ማን ገዛው? የመዝናኛ ፓርኮች! ሳንቲም እየተጎረሰ ሰው የሚጋልበው አሻንጉሊት ሆነ። በ1934 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች በአየር ፖስታ እንዲያደርሱ ታዘው በጭጋግና በጨለማ እየተከሰከሱ ሲያልቁ ነው ጦሩ ስድስት ሳጥን የገዛው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አብራሪዎች በሱ ሠለጠኑ። ዛሬ አዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ውስጥ በብረት እግራቸው ላይ የሚወዛወዙት ሲሙሌተሮች የዚያ አሻንጉሊት የልጅ ልጆች ናቸው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ቡና እየጠጣን ተረኩላት። ጨርሳ ሰማችኝና፣

«የት ነው የሠራው አልከኝ?» አለች።

«አባቱ ፋብሪካ ውስጥ።»

«አየህ! አባቱ ፋብሪካ ነበረው። እኔ ፋብሪካ አለኝ?»

ድሮ ሳስተምር እንዲህ ያለ ተማሪ ሲገጥመኝ ሰዓቴን አይ ነበር።

መፍትሔውን ያመጣው ልጁ ራሱ ነው። «ጋሼ፣ ማሽኑን ለሁለት እንክፈለው» አለ። ላላወቃችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተሩን ዲስክ ትሸነሽኑትና አንዱ ወገን ላይ ዊንዶውስ፣ ሌላው ላይ ሊኑክስ ይቀመጣል። ማሽኑ ሲነሣ «የትኛው ልሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ሰምና ወርቅ ነው ልል አፌ ደርሶ ነበር፤ ግን አይደለም። ሰምና ወርቅ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ እነዚህ ግን አንዱ ሲነቃ ሌላው የለም። ይልቅ የቀን ዘበኛና የሌሊት ዘበኛ በጋራ ተከራይተው በፈረቃ የሚተኙባትን አልጋ ነው የሚመስለው።

ለምን በአንዱ ላይ አይሆንም? የሱቁ ዊንዶውስ የሕዝብ መታጠቢያ ነዋ! ደንበኛው ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ከፍላሹ ጋር ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ ይመጣል። በየጊዜው ይታመማል፣ በየጊዜው ይታከማል። ልጁ የፈለገው ማንም ፍላሽ የማይሰካበት፣ ደብዳቤ የማይጻፍበት፣ ለበረራ ብቻ የተለየ ንጹሕ ክፍል ነው። ስመ ጥሩው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ግን ከመቶ ጊጋ ባይት በላይ ቦታ ይጠይቃል፤ መሬቱንም በበረራ ላይ እያለ ከኢንተርኔት እየቀዳ ነው የሚያሳየው። በመቱ ኔትወርክ እሱን ማብረር ጭልፋ ይዞ ሶር ፏፏቴን መቅዳት ነው። ልጁ የመረጠው ፍላይትጊር የሚባለውን ነው፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እየተቀባበሉ የሚሠሩት፣ ዋጋው ባዶ፣ ሊኑክስ ላይ የሚሄድ።

እሑድ ሱቁ ተዘግቶ ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ የደንበኞቹ ሰነድ ሁሉ እኔ ባመጣሁት ተጨማሪ ዲስክ ተገለበጠ። እህቴ እጆቿን አጣጥፋ ከጀርባችን ቆመች። «የሰው መመረቂያ ጽሑፍ አለበት፤ አንዱ ቢጠፋ እዚህ ከተማ አልኖርም» ትላለች ደጋግማ። የዊንዶውሱ ድርሻ ሲጠብ፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር እንደ ኤሊ እየሄደች፣ የሁላችንም ዓይን አምፖሉ ላይ ነበር። በዚያ መሀል መብራት ቢሄድ ባትሪው የሚይዘው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ያን ዕለት መብራቱ አልሄደም። እህቴ ግን አላመነችም፤ ዊንዶውሱ ሲነሣ አንድ የእድር ደንብ ከፍታ ከአንቀጽ አንድ እስከ ፊርማው ድረስ ቁጭ ብላ አነበበች።

ከዚያ ማን ይቅደም የሚለው መጣ። ሊኑክሱ ሲጫን ራሱን ከላይ ያስቀምጣል፤ አሥር ሰከንድ ውስጥ ካልመረጣችሁ እሱ ይነሣል። ጠዋት ማሽኑን ከፍታ መስኮት ልትጠርግ የሄደች ሴት ስትመለስ የማታውቀው ቤት ውስጥ ራሷን ልታገኝ ነው። «የኔ ነው መቅደም ያለበት» አለች። ቀደመላት።

ሰኞ ደግሞ የሰዓት ጣጣ ሆነ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት እንደ ግሪንዊች ይቆጥረዋል፤ ዊንዶውስ እንደ አካባቢው። የኛ ልዩነት ሦስት ሰዓት ነው። እህቴ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ብትከፍተው 1 ሰዓት ይላል። ለደንበኛ ያተመችው ደረሰኝ ሱቁ ሳይከፈት የተቆረጠ መሰለ። ልጁ በአንድ መስመር ትእዛዝ አስተካከለው። እኔ ግን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የግሪንዊችን፣ የአዲስ አበባ ቢሮዎችንና የባላገሩን፣ ሦስት ሰዓት መቁጠሬ ሲገርመኝ ዋለ።

አሁን ወደ በረራው። ፍላይትጊር ዓለምን በኬክሮስና በኬንትሮስ አሥር አሥር ዲግሪ እየቆረጠ ነው የሚያስቀምጠው። ልጁ ከኢኳተር እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ቁራጭ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ አውርጄ በአውቶቡስ እንድልክለት ካደረገ ቆይቷል። መቱ፣ ጎሬ፣ በደሌ፣ ጋምቤላ፣ ጅማ፣ አዲስ አበባ፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ናቸው። ከዚህ ውጭ ያለውን መሬት ግን ፕሮግራሙ አያውቀውም፤ የማያውቀውን ደግሞ ባሕር ያደርገዋል። ከፍቼ አልፋችሁ ዓባይ ስትደርሱ ምድር ያበቃል። ደብረ ማርቆስ ውኃ ነው። ድሬዳዋ ውኃ ነው። ስንት ዓመት የባሕር በር እያልን ስንብሰለሰል ደጀን አጠገብ ነበር ለካ!

የቀረው ግን እውነት ነው። ተራሮቹ በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት በራዳር የለካቻቸው ናቸው። ጎሬ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ መሬቱ ወደ ጋምቤላ በመቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ሲዘቅጥ ይታያል። ልጁ ከቦሌ ሲነሣ ቀዩን ማንሻ ሳብ አድርጎ ነዳጁን ያሳሳል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ግድም ነው፤ ነዳጁ ካልሳሳ ትንሿ የሴስና ሞተር ታንቃ ትንተፋተፋለች። ይህን ሲያስረዳ እናቱ ዝም ብላ ሰማችው። በኋላ ኩሽና ውስጥ «ይኼ ፊዚክስ ላይ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት።

ሦስተኛው ቀን ማታ ሽማግሌው ጎረቤት መጡ። «ኦቦ» እያልን ነው የምንጠራቸው። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በሌላኛው ወንበር ስበው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ጎሬ መሆኑን ሲሰሙ፣

«ይቺ አይደለችም» አሉ ሴስናዋን እያዩ። «የጎሬዋ ጥያራ ቂጧን መሬት ላይ አድርጋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ የምትሰቅል ነበረች።»

ልጁ ወዲያው ገባው። ዲሲ ሦስት! ሁለት ሞተር ያላት፣ ሦስተኛዋ ጎማ ጭራዋ ሥር ያለች። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚችው ዓይነት፣ ከአሜሪካ ጦር በተረፈች አውሮፕላን ነው። ኋላ መንገድ ወዳልገባባቸው የደቡብ ምዕራብ ከተሞች ሰው እያመጣች ቡና እየጫነች የተመላለሰችውም እሷ ናት። ፍላይትጊርም አላት። ልጁ አወጣትና ጎሬ ሣር ላይ አቆማት። ሽማግሌው ሳቁ።

በወጣትነታቸው እዚያ ሜዳ ላይ ይሠሩ ነበር። የቡና ጆንያ ይሸከማሉ፤ እርጥብ ሣር አንድደው በጭሱ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለአብራሪው ያሳያሉ፤ ከሁሉ በፊት ግን ከብት ያባርራሉ። «መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ያልፋል። እኛ ከብቱን እንነዳለን። ከዚያ ዞሮ ይመጣል።» በክረምት ሜዳው ሲጨቀይ ቀናት ያልፋሉ፤ ቡናው መጋዘን፣ መንገደኛው ዘመድ ቤት ይቀመጣል። ጎሬ ዝናቧ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

እሳቸው ባይነግሩኝም የዚህ አገር የመጀመሪያ የአውሮፕላን ትዝታ ደስ የሚል አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ የመንግሥቱ መቀመጫ ጎሬ ሆኖ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ተሾሙባት፤ ከላይ የሚመጣው ቡና ጫኝ አልነበረም። በዚያው ሰኔ ነቀምት አጠገብ፣ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አርበኞች በእሳት አጋይተዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው ሰላማዊዋ መጥታ ሣር ላይ የተቀመጠችው። እሷም ቀረች፤ ሜዳውም ዝም አለ። አየር መንገዱ በየክልሉ ካስጀመራቸው አዳዲስ ማረፊያዎች አንዱ ጎሬ መቱ እንደሚባል ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሽማግሌውን ስጠይቃቸው «የዚያኛው ጥያራ ከብት አያስነዳም» አሉኝ።

ልጁ ተነሣ፤ በሶር ወንዝ ላይ ዞረ፤ ለማረፍ ሲያነጣጥር ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ! አሁን አትውረድ። አንድ ጊዜ ዝቅ ብለህ እለፍ።»

«ለምን ኦቦ? ሜዳው ባዶ ነው እኮ።»

«እለፍ አልኩህ።»

ዝቅ ብሎ አለፈ። ሽማግሌው ባንድ ዓይናቸው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ትንሽ ጠበቁና «አሁን ና» አሉ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

የእርቁ ውል ተጻፈ፤ በፓወር ግዕዝ፣ በሷው ፊደል። በረራ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ብቻ። ፊዚክስ ከ80 በታች ከወረደ ፈቃዱ ይታገዳል። ሽማግሌው በምስክርነት ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ። ልጁ አብራሪ ይሆናል አልልም። ማሠልጠኛው የሚፈልገው ብዙ ነው፣ የሚወስደው ጥቂት። እናቱ አሁንም ፋርማሲ እንዲያጠና ነው የምትፈልገው።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። የማተሚያዋ ቶነር አልቆ፣ መቱ ውስጥ ዋጋው ሰማይ ነክቶባታል። የቶነሩን ቁጥር ነግራኝ ጨርሳ ስልኩን አልዘጋችውም።

«ወንድም ጋሼ፣ ያ የሰሜኑ ቁራጭ... ከባድ ነው እንዴ ማውረዱ?»

«ምን ሊሠራልሽ?»

«ለኔ ሳይሆን ለሱ። አባቱ እኮ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ትናንት ማታ እዚያ ሊሄድ ተነሥቶ ከዓባይ ወዲያ ባሕር ሆኖበት ተመለሰ።»

ማታ ማታ ነው የማወርደው፤ ኔትወርኩ ቀለል ሲል። ሁለት ጊዜ ተቋርጦብኛል። ረቡዕ ለሚወጣው አውቶቡስ ሾፌር ከቶነሩ ጋር እሰጠዋለሁ።