የአድማጭ ፊት

ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሦስተኛው ሰው የሚመለከተው ማንን ነው? «የሚናገረውን» ብሎ መመለስ ይቀላል። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የቦረና ደጋ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ሽማግሌዎች ባላጋራዎችን ሲሸመግሉ ዳር የቆመውን ሰው ዓይን የተከታተለ ግን ሌላ ነገር ያያል።

ከሳሹ በዱላው ተደግፎ ስለተገፋው ድንበር ያስረዳል። በመጀመሪያ ሁሉም ወደ እርሱ ያያል። ነገሩ ወደ ጥያቄ ሲያዘነብል፣ የመጨረሻው ቃል ከአፉ ሳይወጣ የታዳሚው ዓይን ወደ ተከሳሹ ያመራል። አንገት ግን አይዞርም። የታላቅን ፊት ትኩር ብሎ ማየት ነውር ስለሆነ ወጣቱ አንገቱን እንደ ደፋ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው እንዳጣፋ፣ በቅንድቡ ሥር ሰርቆ ያያል። ሸኹና ቄሱ ጎን ለጎን በተቀመጡበት ሸንጎ፣ ብዙ ነገር ያዩ አዛውንት የተከሳሹን ፊት ትተው ዱላ የጨበጠ እጁን ሲመለከቱ አስተውያለሁ፤ ፊቱን መግዛት የቻለ ሰው አውራ ጣቱን ይረሳልና።

ይህ የሥራ ፈት ወሬ አዳማጭነት አይደለም። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት ባላጋራዎች መንገደኛውን አስቁመው ዳኝነት ይጠይቁት ነበር። ዳር ቆሞ የሚያይ ሁሉ ነገ ፍረድ ሊባል እንደሚችል ያውቅ ነበር።

ሶቪየታዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ያርቡስ በ1967 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ በወጣው መጽሐፉ እንደገለጸው፣ ከግዞት ሳይታሰብ ቤቱ የገባ ሰው የሚታይበትን የሬፒንን ሥዕል ለአንድ ተመልካች ደጋግሞ እያሳየ የዓይኑን ጉዞ መዝግቧል። የሰዎቹን ዕድሜ ገምት ሲባል ዓይኑ በፊቶቹ ላይ ይመላለሳል፤ ሌላ ሲጠየቅ ጉዞው ይለወጣል። ዓይንን የሚመራው ጥያቄ ነው ማለት ነው። ለቦረና ባላገር ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ለመድረካችን ግን አዲስ የሆነ ይመስለኛል። ንግግሩን የጨረሰ ተዋናይ ብዙ ጊዜ ተራውን እየጠበቀ እንደ ምሰሶ ይቆማል፤ የተውኔቱም ጽሑፍ ለተናጋሪው ገጽ ሙሉ ሰጥቶ አድማጩን «ዝም ይላል» ብሎ ያልፈዋል። በአንድ ልምምድ ላይ ተናጋሪውን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀርቼ መብራቱን በአድማጯ ላይ ብቻ አሳረፍሁት። ሰባት ደቂቃ ያህል ማንም ዓይኑን ከእርሷ አልነቀለም። ተናጋሪው ተዋናይ እስከ ዛሬ ቅር ብሎታል።