የውሃ መንገድም ጠራጊ ይፈልጋል

ጥቅምትና ኅዳር ላይ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ቤቱን ይዞ የሚሰደድ ሰው አለ። ባለ ሸራ ጀልባን መኖሪያቸው ያደረጉ ሰዎች፣ ጡረተኞችም ወጣት ባልና ሚስቶችም፣ ብርዱን ሸሽተው ከቨርጂኒያ ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳሉ። የሚሄዱት ግን በክፍት ባሕር አይደለም። ኢንትራኮስታል ዋተርዌይ የሚባለው የውሃ መንገድ ከኖርፎክ እስከ ማያሚ 1,750 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ በጠረፍ ደሴቶችና በየብሱ መካከል ወንዙን፣ ረግረጉንና ሰው የቆፈረውን ቦይ እያያያዘ። ሸራው ብዙውን ጊዜ እንደተጠቀለለ ነው፤ ጀልባዋ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ በሞተር ታዘግማለች፤ ሲመሽ መልሕቅ ተጥሎ እዚያው ይበሰላል፣ እዚያው ይታደራል። ከሩቅ ለሚያየው ይህ ኑሮ ከማንም ያልተጠጋ ነጻነት ይመስላል። እኔ ግን የማየው ተቃራኒውን ነው፦ ኑሮውን ያቆመው መንገዱን ሳያቋርጥ የሚጠብቅ የሕዝብ ሥራ ነው። ስለ ጣና ስናስብም ከዚህ አገር መውሰድ ያለብን ይህንኑ ይመስለኛል።

ማስረጃው በየማጠፊያው ቆሞ ይታያል። ወደ ደቡብ የሚወርድ መርከበኛ ትንሽ ቢጫ ሦስት ማዕዘን የተለጠፈበትን ምልክት በቀኙ፣ ቢጫ አራት ማዕዘን ያለበትን በግራው እያደረገ ያልፋል፤ በሁለቱ መካከል እስካለ ድረስ በተጠረገው ቦይ ውስጥ ነው። የሚከፈተው ድልድይ ጋ ሲደርስ ጠባቂውን በሬዲዮ ይጠራል፤ የማይከፈቱት ደግሞ የጀልባ ምሰሶ እንዲያሳልፉ አብዛኞቹ ወደ 20 ሜትር ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል። የቦዩ ጥልቀት ሳይቀር በሕግ የተወሰነ ነው፤ ከኖርፎክ እስከ ፎርት ፒርስ 3.7 ሜትር ያህል፣ ከዚያ እስከ ማያሚ 3 ሜትር። ደለሉን የሚጠርገው የጦር ኃይሉ የመሐንዲሶች ጓድ ነው። የፌዴራሉ በጀት ግን በዋናነት የንግድ ጭነትን ብዛት እያየ ስለሚመደብ ጭነት የቀነሰበት ክፍል ይዘነጋል። ጆርጂያ ውስጥ በሕግ የተጻፈው ጥልቀት በውሃው ውስጥ የማይገኝባቸው ቦታዎች አሉ፤ ጀልባዎች የባሕሩ ሙላት እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ። ፍሎሪዳ ግን እ.ኤ.አ. በ1927 በአዋጅ ያቋቋመችው የራሷ የውሃ መንገድ ድርጅት አላት፤ በ12 የምሥራቅ ጠረፍ አውራጃዎች ከሚከፈል የንብረት ግብር በየዓመቱ ጥቂት እየተነሳለት ቦዩን ያስጠርጋል። ሁለቱ ግዛቶች ጎረቤታሞች ናቸው፣ የሚያልፉባቸውም ጀልባዎች እነዚያው ናቸው፤ ልዩነቱ የማይቋረጥ ገንዘብ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ጣና ላይ የጎደለው የውሃ ዕውቀት አይደለም። የወይጦ ማኅበረሰብ የደንገል ታንኳ የመሥራት ጥበብ ከማንም የተቀዳ አይደለም። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ አፍንጫው ሽቅብ ይቀለበሳል፤ ታንኳው ውሃ ስለሚጠጣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታል፣ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል። እንግዲህ አያያዙን ልብ በሉ፤ ታንኳው ያለ ዕለት ተዕለት ጥበቃ አይቆይም፣ ባለቤቱም ይህን ያውቃል። ሐይቁን በጋራ የያዝነው እኛ ግን እንደዚያ አልያዝነውም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መታየቱ የተዘገበውን እምቦጭ ለመንቀል ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊም ገንዘብ አዋጥቷል፣ ማሽን ተገዝቷል። ልፋቱን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም የእምቦጭ ዘር በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞችም ከተራቆተው መሬት አፈር ማምጣታቸውን አይተዉም። በየዓመቱ ለሚመለስ አረም የአንድ ሰሞን ዘመቻ መልስ አይሆነውም።

ባሕር የሌለው አገር ከባሕር ዳርቻ ኑሮ ምን ይማራል የሚል ይኖራል። ከላይ እንዳልኩት የአሜሪካው መንገድ አብዛኛው ባሕር አይደለም፤ የውስጥ ውሃ ነው። ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ባሕር ዳርንና ጎርጎራን በጀልባ ያገናኛል፣ የደሴቶቹ ገዳማትም መንገዳቸው እሱ ነው። የባሮ ወንዝም በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦችን እስከ ጋምቤላ ያደርስ ነበር፤ ቡናችንም በዚያ ወጥቷል። ስለ ወደብ በምንከራከርበት ብርታት በእጃችን ስላለው ውሃ አለመነጋገራችን ያሳዝነኛል።

ጀልባ ላይ መኖር የሀብታም ቅምጥልነት ነው የሚለው ወቀሳም ከፊል እውነት አለው። ቦዩ ግን ለመዝናኛ አልተቆፈረም። ጭነትን ከክፍት ባሕር አደጋ ለማዳን የተሠራ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በጠረፉ ላይ መርከብ ሲያሰጥሙ መጠለያነቱ ታይቷል። የዚሁ መንገድ ክፍል የሆነውንና እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተውን የዲስማል ረግረግ ቦይ ደግሞ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ጭቃ ውስጥ ቆመው ቆፍረውታል፤ ስለዚህ መንገድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም። ዛሬም በዚያው ውሃ ሽሪምፕ አጥማጁና ጭነት ገፊው ከባለ ሸራው ጎን ይሄዳሉ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አማካይ ጥልቀቱ ከአሥር ሜትር በታች ነው፤ ሞተር በሞተር ቢሆን ዓሣውም ወፉም ይጎዳል። ትክክል ነው፤ ጣና ላይ የሚኖሩ ባለ ጀልባዎች እንዲበዙም አልመኝም፤ የምለው ስለ ጥበቃው ነው። አሜሪካኖቹ ከጀልባ የሚወጣ ያልታከመ ፍሳሽ ከጠረፍ እስከ ሦስት የባሕር ማይል ባለው ውሃ ውስጥ እንዳይለቀቅ ከልክለዋል። ክልከላው ብቻውን ስለማይበቃም እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ሕግ ፍሳሹን ከጀልባው መጥጠው የሚቀበሉ ጣቢያዎች የሚሠሩበትን ገንዘብ መድበዋል። ደንብና አገልግሎት አብረው ካልመጡ ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል። ከባሕር ዳር ሆቴሎች ለሚወጣው ፍሳሽም፣ ለመዝናኛ ጀልባዎቹም ይህ ይሠራል።

ስለዚህ በቨርጂኒያም ሆነ በሌላ አገር ያላችሁ፣ ለጣና እጃችሁን የምትዘረጉ ወገኖች፦ በሚቀጥለው መዋጮ ላይ የማሽኑን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ነዳጁን፣ መለዋወጫውንና የኦፕሬተሩን ደመወዝ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ፤ መልስ ከሌለ መጀመሪያ ገንዘባችሁን ለዚያ መድቡ።