ከእጅ አንጓ የገባው ውሃ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ስስ ጎማ ነው። ታሪኩ ግን ከጎማው ያልፋል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኛ ኦስሎ፣ ኖርዌይ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ዋና የተማርነው ከደሴ ወዲያ፣ ሐይቅ ዳር ነው። የውሃ ፍቅራችን እዚህም አልለቀቀንምና ከሥራ ሰዓት ውጪ ገንዘብ አዋጥተን የውሃ ውስጥ ጥልቀት ትምህርት ተማርን። የኦስሎ ፊዮርድ ግን የሐይቅ ውሃ አይደለም። በክረምት 4 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል። ስለዚህ በብርድ ወራት የሚጠለቀው «ድራይሱት» በሚባል፣ ውሃ በማያስገባ ሙሉ ልብስ ነው። ከሥሩ ወፍራም ልብስ ይለበሳል። ሰውን የሚያሞቀው ይህ ልብስና የያዘው አየር ነው፤ ከራሰ ሙቀቱን ያጣል።

ድራይሱቱ አንገትና የእጅ አንጓ ላይ ያልቃል። እዚያ ውሃውን የሚያግደው ቆዳ ላይ ልጥፍ የሚል ስስ የላቴክስ ጎማ ነው። ውዱእ ስናደርግ ውሃው ከቀለበታችን ሥር መድረሱን እንፈትሻለን፤ እዚህ ግን ጭንቀታችን አንዲት ጠብታ እንዳታልፍ ነው።

አንድ የካቲት ቅዳሜ ነው። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ፣ ታናሻችን የምንለው፣ አዲስ የእጅ ጎማ አስገጥሞ መጣ። አዲስ ጎማ ይጠብባል። እጁን ሲያደነዝዘው ለማንም ሳይናገር ማታ ቤቱ መቀስ አንስቶ ሁለት ጣት ያህል ቆርጦለት ኖሯል። እኛ አላወቅንም።

12 ሜትር ወረድን። በአሥር ደቂቃ ገደማ በምልክት «ደህና ነህ?» አልነው። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አክብቦ «ደህና ነኝ» አለ። ትንሽ ቆይተን ደግመን ጠየቅነው፤ አሁንም አከበበ። ከዚያ ደረቱ ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ቁልፍ ሊጫን ሲሞክር አየነው። ጣቱ አልታዘዝ አለው። አንዳችን ክንዱን ያዝ አድርጎ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። በጠላቂዎች ዘንድ ይህ «ጎበዝ» ማለት አይደለም፤ «እንውጣ» ማለት ነው። ከጥልቀት ተጣድፎ መውጣት ሳንባን ሊጎዳ ስለሚችል፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ቀስ እያልን ነው የወጣነው። ያቺ መንገድ ረዘመችብን።

ዳር ወጥተን ልብሱን ስናወልቅለት እጅጌው እስከ ክርኑ ድረስ ርሶ ይንጠባጠባል። «ለምን አልተናገርክም?» አልነው። «ቀናችሁን እንዳላበላሽ ብዬ ነው» አለ።

ልንቆጣው ስንል ታላቃችን አቋረጠን። «እኔም እኮ ባለፈው ክረምት ሙሉ ቀኝ እጄ ሲርስ ነበር» አለ። አንድም ቀን አልነገረንም። ያን ጊዜ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ልጁ ዝምታን የተማረው ከእኛ ነበር።

ያን ማታ ሻይ አፍልተን ጎማዎቹን መሃል አድርገን ቁጭ አልን። የተማርነው ይህ ነው።

አንደኛ፦ አዲስ ጎማ ከጠበበ ለመቀስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጠርሙስ ላይ ወጥራችሁ አሳድሩት። ካልበቃው በስለታም መቀስ ቀጭን ቀለበት ብቻ ቁረጡና ለክታችሁ እዩ። ጠርዙ ለስላሳ ይሁን፤ ትንሽ ሸርተት ካለ መቀደድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የጠበበ ይሰፋል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም።

ሁለተኛ፦ አሁን እጃችሁን ጨብጡና አንጓችሁን ከውስጥ በኩል ተመልከቱ። ጅማቶቹ ተነስተው በመካከላቸው ቦይ ይሠራሉ። ጎማው ደህና ቢሆንም ውሃ በዚያ ቦይ ይገባል። የታላቃችን ችግር ይኸው ነበር፤ ባትሪውን አጥብቆ ይጨብጣል። ጎማውን ከአንጓው አጥንት አልፎ ወደ ክርን በኩል፣ ክንዱ ወደሚስተካከልበት ሳብ አደረገው፤ ባትሪውንም እጁ ጀርባ ላይ አሰረው። ውሃው ቆመ።

ሦስተኛ፦ ከጎማው ሥር ምንም አይግባ። የውስጥ ልብስ ክር፣ የሹራብ ጫፍ፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ ሁሉም ለውሃ መንገድ ነው። ስትለብሱ ሽታ የሌለው ታልከም ፓውደር ነስንሱ፤ ጣቶቻችሁን ገጥማችሁ አንሸራቱ እንጂ ጠርዙን አትጎትቱ። ቀለበት አውልቁ፣ ጥፍር ቁረጡ። ቅባትና ፀሐይ ላቴክስን ይበላሉ። ስትጨርሱ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት።

አራተኛውን ጎማው ሳይሆን ታናሻችን አስተማረን። ከእንግዲህ ውሃ ዳር ቆመን «ደህና ነህ?» ብቻ አንባባልም። ለዚህ ጥያቄ ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። «እጅህን አሳየኝ» እንባባላለን። አንዱ የሌላውን አንጓ በጣቱ ዞሮ ይዳስሳል፤ ታላቁም ታናሹም እጁን ይዘረጋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስንወርድ፣ ገና በአራተኛው ደቂቃ ታናሻችን አውራ ጣቱን ቀሰረ። የግራ እጁ ረጥቦ ነበር። አራታችንም ተያይዘን ወጣን። ቀኑ ተበላሸ ያለ ሰው አልነበረም። መኪናው ውስጥ ከቴርሞስ ሻይ ቀዳንለት፤ ብርጭቆውንም በሁለት እጁ ያዘ። ጣቶቹ ይታዘዙለት ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።