የማይሸከመው ማን ነበር?

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ለአዲሱ ኮምፒውተሬ «ግራፊክስ ካርድ» ይገዛልኝ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ለጌም! «እኔ በአንተ ዕድሜ የምጫወተው የጨርቅ ኳስ...» ብዬ ልጀምር ስል እናቱ ገላመጠችኝ። ተውኩት።

ከዚያማ ሦስት ቀን ሙሉ አስተማረኝ። የኤንቪዲያው 4060 ሚሞሪው 8 ጊጋባይት ነው፤ 115 ዋት ይበላል። 4070 ደግሞ 12 ጊጋባይት፣ 200 ዋት። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡ ናቸው። ልቡ ያለው 4070ው ላይ ነው፤ ስሙን ሲጠራ ድምፁ ይለወጣል።

መገናኛ ሄድን። ባለሱቁ የ4070ውን ዋጋ ነገረን። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ስሰማ ፊቴን መቆጣጠር አቅቶኛል። እጄ ኪሴ ገብቶ እዚያው ቀረ።

«አባዬ፣ 4060ው ይበቃል» አለ ልጄ። «የእኛ ፓወር ሳፕላይ ትልቁን አይሸከመውም።»

እፎይ! ማሽኑ ገላገለኝ ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የፓወር ሳፕላዩን ካርቶን አውጥቼ መነጽሬን አደረግሁ። 650 ዋት ይላል። አምራቹ ለ4070 የሚመክረውም ያንኑ 650 ነው። ይሸከመዋል!

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሦስት ቀን ዋት ያስቆጠረኝ ልጅ ይህን አጥቶት ነው? የማይሸከመው የእኔ ኪስ መሆኑን ፊቴ ላይ አንብቦ፣ ባለሱቁ ፊት እንዳላፍር በማሽኑ አላከከ።

ጠዋት ምን ልበለው? «ዋሽተኸኛል» ብዬ ልቆጣው? ካርቶኑን ወደ ቦታው መለስኩና ሻይ እየጠጣን «እንዴት ነው፣ ይሠራል?» አልኩት።

«ምርጥ ነው አባዬ» አለኝ።

ይህንንም አመንኩት።