ከወፍራም ወደ ቀጭን

አንባቢ ሆይ፤ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲያጮሁ አድገው እንደ ሆነ፥ ዛሬ የማጫውትዎን ነገር ግማሹን አስቀድመው ያውቁታል። ጅራፍ በእጀታው በኩል ወፍራም ነው፤ እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ ክር ያህላል። የክንድ ኃይል ወደ ቀጭኑ በተሻገረ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት አልፎ ይጮኻል።

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የሚያጠምድ ሰውም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ነገር ግን የሚፈልገው ጩኸት ሳይሆን ጸጥታ ነው። በማስተምርበት በባሌ፥ በዌብና በዳንካ ወንዞች፥ ከኬንያ መጥቶ የተራባ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ውሃው ጥርት ያለ ስለ ሆነ፥ ወፍራም ገመድ ከፊቱ ሲወድቅ ይሸሻል። ከላባና ከክር የተሠራው ዝንብ ደግሞ ክብደት የለውም ለማለት ይቻላል፤ ተሸክሞት የሚሄደው የገመዱ ክብደት ነው። እንግዲህ ወፍራሙን ገመድ ከዝንቡ ጋር የሚያስታርቅ፥ እየቀጠነ የሚሄድ መሪ ክር ያስፈልጋል።

ይህን ክር ደብተር አርሜ ስጨርስ፥ ማታ ማታ በገዛ እጄ እሠራለሁ። «ዲግሪ ይዞ ክር መቋጠር!» እያሉ የሚስቁብኝ ባልንጀሮች አሉ።

የፓሪሱን ሪትዝ ሆቴል ያስተዳድር የነበረው ታዋቂው አጥማጅ ሻርል ሪትዝ ባወጣው ደንብ፥ ከርዝመቱ 60 በመቶው ወፍራም፥ 20 በመቶው ማቅጠኛ፥ 20 በመቶው ጫፍ ነው። ክሩ 270 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ 162፥ 54 እና 54 ይሆናል። ወፍራሙን ክፍል 0.50፥ 0.45 እና 0.40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካላቸው የናይሎን ክሮች እቀጥላለሁ። ማቅጠኛው 0.35፥ 0.30፥ 0.25 እና 0.20 የሆኑ አራት አጫጭር ቁራጮች ነው፤ ጫፉ 0.15 ነው። ሁለቱን ክሮች አንዱን በሌላው ላይ አምስት አምስት ጊዜ ጠምዝዤ፥ ጫፎቻቸውን በመካከል ከግራና ከቀኝ አሳልፌ፥ በምራቅ አርሼ ቀስ ብዬ እስባለሁ። ናይሎን ደርቆ ቶሎ ቢሳብ ግሎ ይደክማልና።

ከ0.50 በቀጥታ ወደ 0.15 ቢዘለልስ? ቋጠሮው አይጨብጥም፤ ኃይሉም እዚያው ቆሞ ቀጭኑ ክር ተጠቅልሎ ይወድቃል። በየደረጃው 0.05 ብቻ ሲቀንስ ግን ኃይሉ ሳይቋረጥ፥ እየለዘበ እስከ ጫፉ ይደርሳል፤ ዝንቡም እንደ ላባ ያርፋል።

ለሚስቁት ባልንጀሮቼ የምመልሰው ይህን ነው። እኛ ዲግሪ የያዝን ሰዎች ከኮሌጅ ያመጣነውን ወፍራም ቃል በአንድ ጊዜ በሕፃን አእምሮ ላይ እንወረውራለን፤ በመሥሪያ ቤት መስኮት ቆሞ ደንብ ለሚጠይቀውም ባላገር እንዲሁ። ካልገባው ሰነፍ እንለዋለን። ብዙ ልጅ ትምህርቱን የሚተወው ግን ሰንፎ ሳይሆን፥ መካከለኛው ቁራጭ ሳይቀጠልለት ቀርቶ ነው። ስለዚህ ለነገ የማስተምረውን ካዘጋጀሁ በኋላ፥ በየትኛው መሥመር ላይ ከ0.50 ወደ 0.15 እንደ ዘለልሁ ለማየት እንደ ገና አነበዋለሁ።