በላንገባን የባሕር ሰርጥ በነፋስ ክንፍ ስለሚንሸራተቱ ሰዎች

ባለፈው ጥር ወር ለሥራ ጉዳይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወደ ኬፕ ታውን ከተማ ለመሄድ በተነሣን ጊዜ፥ ታላቅ እኅታችን ከመንግሥቱ ትእዛዝ ሌላ የራሷን ትእዛዝ ጨመረችልን። ልጇ በዚያ አገር በንግድ ሥራ ከተቀመጠ አምስት ዓመት ሆኖታል። በስልክ የላከላትን ሥዕል ብትመለከት፥ ልጇ በባሕር መካከል በገመድ ተይዞ፥ ከራሱም በላይ አንድ ትልቅ ቀይ ነገር ሲበር አየች። «ወንድሜ፥ ይህን ልጅ ከዚያ ባሕር ሳታወጣ ብትመለስ ዓይንህን አላይም» አለችን። እኛም እሺ ብለን ተነሣን።

ልጁ ይህን ጨዋታ የሚማርባት ላንገባን የምትባለው ትንሽ ከተማ ከኬፕ ታውን ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ ትገኛለች። በፊቷ ያለው ውሃ ከሳልዳኛ ወሽመጥ ተገንጥሎ ወደ ደቡብ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የገባ የባሕር ሰርጥ ነው። አንድ ስንኳ ወንዝ አይገባበትም፤ ጨዋማው ውሃ በቀንና በሌሊት ሁለት ጊዜ ከውቅያኖስ ይገባል፥ ሁለት ጊዜም ይወጣል። በምዕራብ በኩል ያለው ልሳነ ምድር ታላቁን ማዕበል ስለሚከለክለው፥ በውጭ ባሕሩ ሲናወጥ በውስጥ፥ ይልቁንም አሸዋው ወደ ላይ በቀረበበት ስፍራ፥ ውሃው እንደ ተነጠፈ ሸማ ለጥ ብሎ ይታያል።

ነፋሱ ከደቡብ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ወራት ከቀትር በኋላ እየበረታ እስኪመሽ ይነፍሳል። ይኸው ነፋስ በውቅያኖሱ ዳር የላይኛውን ውሃ ከምድር እያራቀ ስለሚወስደው፥ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ስለዚህ ፀሐዩ አናት እየበሳ ባሕሩ ይቀዘቅዛል። ወደ ሰርጡ ሲገባ ጥቂት ይሞቃል ቢሉንም፥ እኛ እግራችንን ነክረን ወዲያው መለስነው፤ በኅዳር ውርጭ ጧት ከእንጦጦ ምንጭ የተቀዳ ውሃ መሰለን። በውሃው የሚገቡት ሰዎች ግን ከአንገት እስከ ቍርጭምጭሚት ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ያለበትን ወፍራም የላስቲክ ልብስ ይለብሳሉ። የእኅታችን ልጅ ይህን ለብሶ ሲመጣ ጥቁር ዓሣ መስሎ አየነውና ሳቅን መከልከል አቃተን።

የነፋሱን ክንፍ ካይት ይሉታል። ልጆች በክር አስረው እንደሚያበሩት ወረቀት ያለ ነው፤ ነገር ግን ከቀጭን ጨርቅ የተሰፋ፥ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጐበጠ፥ ስፋቱም እንደ ነፋሱ ብርታት ከ7 እስከ 12 ካሬ ሜትር የሚሆን ነው። ከ20 ሜትር በላይ በሚረዝሙ ቀጫጭን ገመዶች ከአንድ ዘንግ ጋራ ይያያዛል፤ ዘንጉም በወገብ መታጠቂያ ላይ ባለ ሜንጦ ስለሚጠለጠል፥ ጕልበቱ በክንድ ሳይሆን በወገብ ላይ ያርፋል። ሰውየው እግሮቹን በሳንቃ ላይ አግብቶ ዘንጉን ወደ ራሱ ሲስብ ክንፉ ነፋስ ይጨብጣል፤ ሲገፋው ይለቅቃል። ከፊት ያለው የክንፉ ቧንቧ በአየር የተነፋ ስለ ሆነ፥ በውሃ ላይ ቢወድቅ አይሰጥምም፥ እንደ ገና ሊነሣ ይችላል። ይህን ብልሃት ብሩኖና ዶሚኒክ ሌጌኙ የሚባሉ የፈረንሳይ ወንድማማቾች፥ የብሬታኝ ሰዎች፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ዓመት በስማቸው አስመዝግበውታል። ጨዋታው በ2024 ዓመት በፓሪስ ኦሊምፒክ ውስጥ ገብቶ ውድድሩ በማርሴይ ባሕር ተደርጓል። ልጁ ይህን የነገረን እናቱ የሥራ ፈቶች ነገር እንዳትለው መሆኑን ተረድተናል።

መምህሩ ግን ከነፋሱ አስቀድሞ የባሕሩን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ከፈተ። ይህም በጣም ደስ አሰኘን። ሙላትና ጕድለት ጨረቃን እንደሚከተል በትምህርት ቤት የተማርነውን አስታውሰን፥ በልጅነታችን በተማርነው ባሕረ ሐሳብ አበቅቴውን ይዘን የጨረቃዋን ሌሊት ብንቈጥር 14 ሆነችልን። ጨረቃ በምትሞላበትና በምትወለድበት ሰሞን ውሃው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይሞላል፥ ይልቁንም ይጐድላል። «ዛሬ ውሃው ሲወጣ ይበረታል» ብንለው፥ መምህሩ ሰንጠረዡን አይቶ እኛን አየን።

የነገሩ አደጋ በዚህ ነው። ነፋሱ ወደ ሰሜን ይነፍሳል፤ የሚጐድለውም ውሃ ወደ ሰሜን ወደ ወሽመጡ ይፈሳል። ሙላቱ ወደ ደቡብ ሲገባ ነፋሱን ስለሚቃወም ተንሸራታቹን ወደ ተነሣበት ስፍራ ይመልሰዋል፤ በጕድለት ጊዜ ግን ነፋስና ውሃ በአንድነት ይገፉታል። በአሸዋው ላይ ከሆነ ይቆማል፤ በጥልቁ ቦይ ከሆነ ግን የሚረግጠው የለም።

በዚያን ቀን ውሃው ከ10 ሰዓት በኋላ መጕደል ጀመረ። ልጁ በውሃው ላይ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት፥ እውነት ለመናገር፥ ልባችን ደስ አለው፤ ድምፅ የለም፥ ጭስ የለም፥ ከሳንቃው ኋላ የሚቀር ነጭ መሥመር ብቻ ነበረ። በሦስተኛው ጊዜ ክንፉ ዞረና ወደቀ፤ ልጁም ከዓይናችን ተሰወረ። እኛ ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ ወደ ውሃው ሮጥን፤ ስሙንም በአማርኛ እየጮኽን ጠራን። መምህሩ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ተነሥቶ ቆመ፤ ውሃው እስከ ወገቡ ነበረ።

«አጎቴ፥ እርስዎ እኮ ከእኔ ይልቅ ጥልቅ ገብተዋል» አለን።

ከዚያ በኋላ በአሸዋው ዳር ተቀምጠን ልብሳችንን ስናደርቅ፥ ሥራችን የፍርድ ጽሕፈት ስለ ሆነ፥ ውሃው ለማን እንደ ሆነ ጠየቅን። ሰርጡ በ1985 ዓመት በተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነውና በሦስት ክልል ተከፍሏል። በመጀመሪያው የሞተር ጀልባና ካይት ይፈቀዳል፤ በሁለተኛው ሞተር ክልክል ነው፤ ሦስተኛው ከሩቅ ሰሜን ከሳይቤሪያ ድረስ ለሚመጡት ወፎች ተትቶ ማንም አይገባበትም። ከአባት ከአያታቸው ጀምረው መረብ የሚጥሉ ነጭ ያልሆኑ ዓሣ አጥማጆች ግን፥ ለመዝናናት የመጣ ሁሉ በሚጋፋበት በመጀመሪያው ክልል ብቻ እንዲያጠምዱ ተገደው፥ ለሦስት ነጮች በሁለተኛው ተፈቅዶ ነበር። እነርሱም ከስሰው የዌስተርን ኬፕ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 ዓመት ያ ገደብ በዘር ማዳላት ነው ብሎ ሻረው። ልጁ በዚያ ስፍራ ሲመላለስ ይህን አልሰማም ነበረና፥ መረብ ያለበትን ጀልባ ባየህ ጊዜ ራቅ ብለህ እለፍ ብለን አዘዝነው። ቃል አስገባነውም፦ ውሃው በሚጐድልበት ሰዓት ወደ ቦዩ እንዳይወጣ፥ ብቻውንም እንዳይገባ።

እርሱም በበኩሉ አንድ ነገር ለመነን፤ የሚማርበት ስፍራ የሻርክ ወሽመጥ መባሉን ለእናቱ እንዳንነግር።

አዲስ አበባ በገባን ማግሥት እኅታችን መጣች። ልጁ ከእኛ ጋራ አለመመለሱን አይታ ብዙ ዝም አለች። ስለ ቦዩም ስለ ገባው ቃልም ሳንደብቅ ነገርናት፤ የስፍራውን ስም ብቻ ተውነው።

«ውሃው እስከ ምኑ ነው?» አለች።

«እትዬ፥ ሲማርበት ያየነው እስከ ወገቡ ነው።»

«ይቀዘቅዛል?»

እግራችንን እንዴት እንደ መለስን ነገርናት። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይፈለግልኝ፥ ጋቢ እልክለታለሁ ብላ ሄደች።