ጌሙ ተከፍቷል፣ መግባት ግን አይቻልም



በዚህ ገጽ ስለ ጌም የሚጽፍ ሰው ምን ሊል እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ሳታነቡም ታውቁታላችሁ፦ ጊዜ ይበላል፣ ሶላት ያዘገያል፣ ውጤት ያበላሻል። ይህን በደንብ የሚናገሩ አሉ፤ ለእነሱ ትተነዋል። እኛ የያዝነው ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ የኦንላይን ጌም ሲወጣ በመጀመሪያው ቀን፣ አንዳንዴም በመጀመሪያው ወር፣ ለምን አይሠራም? ደግሞስ ለምን ያን ያህል አንጀት ያሳርራል?

እኛ ስንል አምስት ነን። ደሴ አንድ ክፍል ተምረን ምደባ ሲወጣ የተበታተንን። ሁለታችን እዚህ ግቢ ነን፤ አንዱ ጅማ፣ አንዱ ሐረማያ፣ አንዱ አርባ ምንጭ ደረሰው። ቅዳሜ ማታ ከዒሻ በኋላ አንድ የስልክ ጌም ላይ እንገናኝ ነበር። ስሙን አንጠራውም፤ አምስት ሆኖ በአንድ ቡድን የሚገባበት ጌም ነው ማለት ይበቃል። እውነቱን ለመናገር ጌሙ ራሱ ያን ያህል አልነበረም። ዋናው በማይኩ የሚወራው ነው፦ የማን እናት ታመመች፣ ማን ሚድ ከበደው፣ ማን ዲፓርትመንት መቀየር አሰበ። ደውሎ "እንዴት ነህ" ከተባለ በኋላ ሁለት ሰዓት ማውራት ወንዶቹ አንችልበትም። እጃችን ሥራ ሲይዝ ግን አፋችን ይፈታል።

ባለፈው ዓመት ድርጅቱ አሮጌውን ጌም ዘግቶ አዲስ አመጣ። ማስታወቂያው ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደቂቃውን ሲቆጥር ከረመ። ቀኑ ደረሰና ሁለት ጊጋ ተኩል አወረድን። የግቢው ዋይፋይ በዚያ ሰሞን እንደልማዱ ስለነበር ፓኬጅ ገዝተን ነው። ከፈትነው፤ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች። ከዚያ "ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም" የሚል መልእክት። እንደገና ሞከርን፣ እንደገና ያው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሐረማያው ገባ! ደስታው ሦስት ደቂቃ አልቆየም፤ የጓደኞቹ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ነው ያገኘው። የአርባ ምንጩ ደግሞ ስልኩ አሮጌ ስለሆነ አዲሱን ጌም አልተሸከመለትም፤ የሚሸከመው አሮጌው ጌም ደግሞ ተዘግቷል። ማንም ሳያስወጣው ያን ቀን ከቡድኑ ወጣ።

ድርጅቱ በየጥቂት ቀኑ አንዲት አረፍተ ነገር ይለጥፋል፦ ለመጉላላቱ ይቅርታ፣ እየሠራንበት ነው። ምን እንደተበላሸ፣ መቼ እንደሚስተካከል፣ የአሮጌ ስልክ ባለቤቶች ምን ይሁኑ፣ ምንም። ከሦስት ወር በኋላ ጌሙ በትክክል ሲሠራ ቅዳሜ ማታ የሚመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ።

ለመሆኑ ይህ ለምን ይሆናል? ባንክ ሄዳችሁ "ሲስተም የለም" ተብላችሁ ታውቃላችሁ። የምዝገባ ቀን ሁሉም ተማሪ በአንድ ሰዓት ፖርታሉን ሲከፍት የሚሆነውንም ታውቃላችሁ። ከእኛ አንዱ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ስለሚማር በሠርግ ምሳሌ አስረዳን። ለ200 ሰው በተደገሰ ድግስ 1,000 ሰው ቢመጣ ወንበር ከጎረቤት ይለመናል፤ ወጥ ቤቱ ግን አንድ ነው። ጨዋታው የሚካሄድባቸው ሰርቨሮች ወንበሮቹ ናቸው፤ እነሱን መከራየት ይቻላል። ወጥ ቤቱ የአካውንቱ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ሰው በር ላይ ሲደርስ እኔ ማን ነኝ፣ ምን ነበረኝ፣ ጓደኞቼ እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሚሊዮን ሰው ይህን በአንድ ደቂቃ ሲጠይቅ መዝገቡ ይቆማል። ያልገባው ሰው ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ደግሞ ደጋግሞ ይጫናል። ጥያቄው በዚያው ይበረክታል። በዚያች ሌሊት እኛም ወጥ ቤቱን ከሚያጨናንቁት መካከል ነበርን ማለት ነው።

የስዊድኑ አሮውሄድ ስቱዲዮ ሄልዳይቨርስ 2ን እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 2024 ሲያወጣ የገጠመው ይኸው ነው። ከጠበቀው እጅግ የበዛ ሰው መጣበት። ሰርቨሩ እንዳይወድቅ በአንድ ጊዜ የሚገባውን ሰው በ450,000 ገደበው፤ ኋላ 700,000፣ ከዚያም 800,000 አደረሰው። አንዴ የገባ ሰው ቦታዬ ይወሰድብኛል ብሎ ጌሙን ክፍት ትቶ ይተኛ ነበር። ላይብረሪ ውስጥ ደብተር አስቀምጦ ወንበር ይዞ ምሳ የሚሄድ ልጅ አታውቁም? እሱ ነው። ስቱዲዮውም እንደ ላይብረሪ ጥበቃ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ማስወጣት ጀመረ።

እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። የዚያን ጊዜ የስቱዲዮው ኃላፊ ዮሃን ፒለስቴት በተደጋጋሚ ወጥቶ ያወራ ነበር። ችግሩ ሰርቨር ለመግዛት ገንዘብ ማጣት ሳይሆን ኮዱ ራሱ መሠራት ያለበት መሆኑን፣ ያ ደግሞ የሰው ጉልበትና ጊዜ እንደሚፈልግ ገለጸ። ጌሙን ልግዛ ወይስ አልግዛ ላለው ሰው ደግሞ ገንዘብ ካጠረህ ሰርቨሩ እስኪስተካከል ጠብቅ አለው። እስቲ አስቡት፣ ሻጭ ሆኖ አሁን አትግዛ ማለት! መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ነጋዴ ብናገኝ ዕድሜ ልክ ደንበኛው እንሆናለን።

ከዚህ የሚበልጠው የፋይናል ፋንታሲ 14 ታሪክ ነው። የጃፓኑ ስኩዌር ኢኒክስ በመስከረም 2010 ሲያወጣው ችግሩ የሰርቨር ብቻ አልነበረም፤ ጌሙ ራሱ ያልበሰለ ነበር። ድርጅቱ ኃላፊውን ቀይሮ ናኦኪ ዮሺዳን ሾመ። ከአንድ ዓመት በላይ ወርሃዊ ክፍያ ሳይሰበስብ ቆየ። በኅዳር 2012 ሰርቨሮቹን ዘግቶ ጌሙን እንደገና ሠርቶ በነሐሴ 2013 አወጣ። በታኅሣሥ 2021 አዲሱ ክፍል ኤንድዎከር ሲወጣ ደግሞ ሰው በዛና ለመግባት የሰዓታት ወረፋ ሆነ። ወረፋው ላይ ሰዓታት ከቆየህ በኋላ "ኤረር 2002" ይልና ከመስመር ይጥልሃል። ዓለም ላይ የቺፕ እጥረት የነበረበት ጊዜ ስለሆነ ሰርቨር መጨመር እንዳልተቻለ ዮሺዳ በዝርዝር ጻፈ። ለተጫዋቾች መጀመሪያ የ7 ቀን፣ ቀጥሎ የ14 ቀን ነፃ ጊዜ ተሰጠ። ከዚያም ጌሙን ከመሸጫ አወረዱት፤ ሽያጩ የተመለሰው በጥር 2022 መጨረሻ ነው። የሚፈለግ ዕቃን በሚፈለግበት ሰዓት አንሸጥም ብሎ ማንሳት ቀላል አይደለም።

(ስለ ወረፋ ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። የኦንላይን ጌም ማቆሚያ የለውም፤ ወረፋውም እንደዚያው። አዛን ሲል ከወረፋው ብትወጣ ሄደ። በዚያች ሌሊት ከመካከላችን አንዱ ወረፋው ላይ እያለ ኢቃም ተደረገ። ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶ ወደ መስጂድ ሮጠ፤ ሲመለስ ከዶርሙ መብራት ጠፍቷል። ወረፋውንም መብራቱንም አጣ፤ ሶላቱን ግን አልሐምዱሊላህ በጀመዓ አግኝቷታል።)

መብራት ከተነሳ የሲምሲቲን ነገር ማለፍ አንችልም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 የወጣው ይህ ጌም ብቻህን ከተማ የምትገነባበት ነው፤ ሆኖም ብቻህን ለመገንባትም ሁልጊዜ ኢንተርኔት ይጠይቅ ነበር። ሰርቨሮቹ ሲጨናነቁ ገንዘቡን የከፈለ ሰው የገዛውን ከተማ መክፈት አቃተው። ያለ ኢንተርኔት መጫወት የተቻለው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ያቀደ ሰው ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ሀገር አንድ ሳምንት ቢኖር ኖሮ ሐሳቡን ይቀይር ነበር ብለን እናምናለን።

"ነፃ ከሆነ ምን ያስጮሃል?" የሚሉ አሉ። የኮናሚን ኢፉትቦል 2022 እናንሳ። ሁላችንም ፔስ እያልን በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ያደግንበት ጌም ስሙን ቀይሮ፣ ነፃ ሆኖ፣ በአዲስ ኢንጂን ተሠርቶ መስከረም 30 ቀን 2021 ወጣ። የሚመረጡት ክለቦች ዘጠኝ ብቻ፣ የተጫዋቾቹ ፊት የተጣመመ፣ ኳሱና ሯጩ የማይተዋወቁ። ስቲም ላይ ከሁሉም ጌሞች የመጨረሻውን ደረጃ ያዘ። ኮናሚ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀድመው ከፍለው ለነበሩት ገንዘባቸውን መለሰ፤ ሙሉው የሚባለው 1.0 የመጣው ግን ሚያዝያ 14 ቀን 2022 ነው። ስድስት ወር ተኩል ቀምሰን አይተን የነገርናቸው እኛ ተጫዋቾች ነን። ድርጅት ደመወዝ ከፍሎ የሚያስመረምረውን ነገር ሕዝብ በራሱ ፓኬጅ ሲመረምርለት ያ ነፃ ይባላል?

ለእኛ ለግቢ ተማሪዎች ነፃ የሚባል ጌም የለም። ሁለት ጊጋ ማውረድ፣ በሳምንቱ ደግሞ ለማስተካከያው ሌላ ጊጋ ማውረድ ከላውንጅ ምሳ የሚቀነስ ብር ነው። የሚከፈልበት ጌም ሲሆን ይብሳል። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያለው ተማሪ ስንት ነው? የጅማው ልጅ የሚገዛውን ሁሉ ጅዳ ያለው ታላቅ ወንድሙ ነው የሚገዛለት። በዚያ በተበላሸው ወር ድርጅቱ የምዕራፉን ክፍያ ለጠየቁ እመልሳለሁ አለ። ገንዘቡ የሚመለሰው ወደ ወንድምየው ካርድ ነው፤ ቅጹን መሙላት ያለበትም እሱ ነው። "አባቴ፣ በቀን 12 ሰዓት የሚሠራን ሰው ለጌም ቅጽ ሙላልኝ ልበለው?" አለን። አላለውም። ገንዘቡም አልተመለሰም።

አንዳንዴ ደግሞ ከነጭራሹ አንቆጠርም። በግንቦት 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትዎርክ አካውንት እንዲያገናኙ አዘዘ። ይህ አካውንት በይፋ የማይከፈትባቸው ሀገሮች ብዙ ናቸው፣ የእኛም አንዷ ናት። ስቲም ጌሙን በ177 ሀገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ አወረደው። ከ200,000 በላይ ተቃውሞ በቀናት ውስጥ ስለተጻፈ ሶኒ ትእዛዙን ሻረ፤ በእነዚያ ሀገሮች ሽያጩ ግን ወዲያው አልተመለሰም። የዚያን ጊዜ ከጮኹት መካከል አካውንቱን መክፈት ከሚችሉት ሀገሮች የሆኑም ነበሩ። ለማያውቁት ሰው ጮኸዋልና አላህ ይስጣቸው።

ስለ ንግድ በደርስ ከተማርነው አንድ ታሪክ በዚያ ወር ደጋግሞ ትዝ ይለን ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲከቱ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ መታው አለ። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት። ልብ በሉ፣ በዝናቡ አልተወቀሰም። ዝናብ ይዘንባል፤ ሚሊዮን ሰው በአንድ ሌሊት ይመጣል፤ ኮድ ይሰበራል። ዮሺዳም ፒለስቴትም ዝናብ መቷቸዋል፤ እርጥቡን ግን ከላይ አድርገው አሳዩ። የእኛው ድርጅት ደረቁን ከላይ ከምሮ ሰዓት ሲቆጥር ነበር። አሮጌ ስልክ ላይ እንደማይሠራ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ ቢያንስ የመጨረሻዋን ቅዳሜ አምስት ሆነን እንሰነባበትባት ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ አዲስ ምዕራፍ ይመጣል ተብሎ ቆጠራው ተጀምሯል። የጅማው ሁለት ሳምንት እንጠብቅ፣ ሌሎች ይሞክሩት ይላል። የሐረማያው እሺ ብሎ ነበር፤ ትናንት ሌሊት ግን አውርዶ ጨርሷል፤ የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ ነው ይላል። የአርባ ምንጩ ስልኩን አልቀየረም። ከሁለት ቅዳሜ ወዲህ ስንገባ እንደውልለትና ስፒከር ላይ እናደርገዋለን፤ ምንም ሳያየው "ከኋላችሁ ነው፣ ከኋላችሁ!" እያለ ይጮህብናል፤ አንዳንዴ ልክ ይሆናል።